ሦስት መቶ ደብዳቤ ያስጻፈች አንዲት ታሪክ
የደራሲት ሸርሊ ጃክሰን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ



አስፈሪ ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መቃብር፣ ድቅድቅ ጨለማ፣ ጋኔንና ጭራቅ ነው። ዛሬ ሕይወቷን የምናቀርብላችሁ ደራሲት ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ፣ ጋኔን የሚባል ነገር ሳታነሣ የብዙ ሺህ አንባቢ እንቅልፍ ነሥታለች። ስሟ ሸርሊ ጃክሰን ይባላል፤ አሜሪካዊት ናት። ከሞተች ከስልሳ ዓመት በላይ ቢሆናትም፣ ስምዋን ያስጠራችው አጭር ልቦለድ ዛሬም በአገሯ ትምህርት ቤቶች ይነበባል።

እሷን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የእሷ ሕይወት ሲነገር የአንባብያኗም ነገር አብሮ ይነሣል። ሰው አስፈሪ ታሪክ ሲያነብ ምን ይሆናል? ያው ታሪክ ፊልም ሆኖ ሲታይስ? ነገ ከነገ ወዲያ ክፍል ውስጥ ቆመን ለልጆች ታሪክ ለምናነብ ለእኛ ለሠልጣኞች ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ልጅነትና ትምህርት

ሸርሊ ጃክሰን ዲሴምበር 14 ቀን 1916 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለደች። ያደገችው እዚያው አቅራቢያ በርሊንጌም በምትባል ከተማ ሲሆን፣ ቤተሰቧ ደህና ኑሮ ያለው ነበር። ችግሯ ድህነት ሳይሆን እናቷ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። እናትየው ቆንጆ፣ ቀጭን፣ ከሰው ጋር መዋል የምትወድ ልጅ ነበር የፈለጉት። ሸርሊ ደግሞ ደልደል ያለች፣ ክፍሏን ዘግታ መጻፍና ማንበብ የምትመርጥ ልጅ ሆነች። የእናትየው ወቀሳ እሷ አግብታ ወልዳ ዝነኛ ከሆነች በኋላ እንኳን በደብዳቤ እየተላከ ይደርሳት ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ቤተሰቡ አገር አቋርጦ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሮቸስተር ከተማ ተዛወረ። ሸርሊ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ብትጀምርም አልሆነላትም፤ መንፈሷ ስለ ደከመ አቋርጣ ወጣች። ታዲያ ቤት ተቀምጣ አልቦዘነችም። በቀን አንድ ሺህ ቃል ለመጻፍ ለራሷ ግዴታ ሰጥታ ትጽፍ ነበር። ይህን ልብ እንበል። ትምህርት አቋረጠች ተብላ ልትረሳ ትችል የነበረች ልጅ ናት።

ከዚያ በኋላ ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1940 ዓ.ም. ተመረቀች። እዚያ ሳለች በተማሪዎች መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ታሪክ አወጣች። ስታንሊ ኤድጋር ሃይማን የተባለ ተማሪ ታሪኩን አንብቦ፣ ጸሐፊዋን ገና በዓይኑ ሳያያት፣ ይህችን ልጅ አገባታለሁ ብሎ ተነሣ ይባላል። ከአንባቢ ያገኘችው የመጀመሪያው ትልቅ ምላሽ ይኸው መሆኑ ነው! ሁለቱ አብረው አንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አቋቋሙ፤ በ1940 ዓ.ም. ተጋቡ። ሃይማን ይሁዲ ስለ ነበረ ጋብቻውን የሁለቱም ወላጆች ተቃውመውት ነበር።

በ1945 ዓ.ም. ሃይማን በቤኒንግተን ኮሌጅ የማስተማር ሥራ ስላገኘ፣ ቤተሰቡ ኖርዝ ቤኒንግተን በምትባል የቬርሞንት ግዛት ትንሽ መንደር ገባ። ባል አስተማሪና ሐያሲ ነው። ሚስት ደግሞ አራት ልጆች ታሳድጋለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ በተረፋት ጊዜ ትጽፋለች። እሷ ራሷ ስለ ቤተሰቧ በጻፈችው መጽሐፍ እንደምትተርከው፣ ሦስተኛ ልጇን ልትወልድ ሆስፒታል ስትገባ የመዝገብ ሠራተኛዋ ሥራሽ ምንድን ነው ብላ ጠየቀቻት። ሸርሊ ጸሐፊ ነኝ አለች። ሠራተኛዋ ግን የቤት እመቤት ብላ መዘገበቻት!

«ዕጣ» እንዴት ተጻፈ?

በ1948 ዓ.ም. ሸርሊ የሁለት ልጆች እናት ነበረች፤ ሦስተኛዋንም አርግዛለች። ኋላ ባደረገችው ንግግር እንደተናገረችው፣ ትንሿን ልጇን በሕፃን ጋሪ እየገፋች፣ አስቤዛዋንና ፖስታዋን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ቤት ስትደርስ ልጇን መጫወቻዋ ውስጥ አስቀመጠች፤ አትክልቱን ማቀዝቀዣ ከተተች፤ ቁጭ ብላ ጻፈችው። ሁለት ሰዓት እንኳን አልፈጀባትም ትላለች። «ኒው ዮርከር» የተባለው ታዋቂ መጽሔት ታሪኩን ጁን 26 ቀን 1948 ዓ.ም. በወጣው እትሙ አተመው።

ላላነበባችሁ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሦስት መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት አንዲት የገበሬ መንደር አለች። በበጋ ጠዋት፣ አበባው ፈክቶ ሣሩ ለምልሞ፣ ሕዝቡ አደባባይ ላይ ይሰበሰባል። ልጆች ቀድመው ደርሰው ድንጋይ እየለቀሙ ይከምራሉ። ወንዶቹ ስለ ዝናብና ስለ ትራክተር፣ ሴቶቹ ስለ ጎረቤት ወሬ ያወጋሉ። ያረጀ ጥቁር ሣጥን ይመጣል። ዕጣው በየዓመቱ የሚወጣ ነው፤ ከአባት የወረደ ነው። አንዲት እናት ሳህን ሳጥብ ዘገየሁ ብላ እየሳቀች ከኋላ ትደርሳለች። ከየቤተሰቡ አንዳንድ ሰው እየወጣ ብጣሽ ወረቀት ያነሣል።

እኛ አገር ዕጣ ሲባል ዕቁብ ትዝ ይለናል፤ የደረሰው ሰው ይደሰታል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። የአሜሪካ አንባቢም ሽልማት አለ ብሎ ነው ማንበብ የጀመረው። መጨረሻው ላይ ግን ጥቁር ነጥብ ያለበት ወረቀት ለዚያች ዘግይታ ለመጣችው እናት ይደርሳታል። ከዚያ መንደሩ በሙሉ፣ ባሏና ልጆቿ ሳይቀሩ፣ በድንጋይ ሊወግሯት ይከቧታል። ጎረቤቶቿ እኮ ናቸው! ጥፋቷ ምንድን ነው? ምንም። ለምን ይወግሯታል? ሁልጊዜ ሲደረግ ስለ ኖረ። ታሪኩ እዚያው ላይ ያልቃል። ደራሲዋ አንድም የማብራሪያ ቃል አልጨመረችበትም።

የደብዳቤው ጎርፍ

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሌላ ታሪክ ይወጣዋል። ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ይጎርፍ ጀመር። ሸርሊ እንደቆጠረችው በዚያ በጋ ብቻ ከሦስት መቶ በላይ ደብዳቤ ደረሳት። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ደግ ቃል የያዙት 13 ብቻ ነበሩ፤ እነሱም አብዛኞቹ ከወዳጆቿ የመጡ ናቸው። ከደብዳቤው ብዛት የተነሣ ከመንደሩ ፖስታ ቤት ያለውን ትልቁን ሣጥን መከራየት ግድ ሆነባት። የፖስታ ቤቱም ኃላፊ እንዳኮረፋት ትናገራለች።

ሰዎቹ ምን ብለው ጻፉ? ደራሲዋ ደብዳቤዎቹን በሦስት ከፍላቸዋለች። አንደኞቹ ግራ የገባቸው ናቸው፤ ትርጉሙን ንገሪን ይላሉ። ሁለተኞቹ የየራሳቸውን ግምት የሚደረድሩ ናቸው። ሦስተኞቹ ግልጽ ስድብ ነው፤ መጽሔቱን ከእንግዲህ አንገዛም ያሉም ነበሩ። የገዛ እናቷ ሳይቀሩ ታሪኩን እሳቸውም አባቷም እንዳልወደዱት ጽፈውላታል። ሸርሊን ከሁሉ ይልቅ ያስገረማት ግን ስድቡ አልነበረም። አንዳንዶች ይህ ዕጣ የሚወጣው በየትኛው አካባቢ ነው፣ ሄደን ልናየው እንችላለን ወይ ብለው ጠይቀዋል! ተቃውመው እንዳይመስላችሁ፤ ለመመልከት ነው።

በዚያን ጊዜ መጽሔቱ ልቦለድ የሆነውንና ያልሆነውን ጽሑፍ ለይቶ ምልክት አያደርግበትም ነበርና፣ እውነት ነው ብለው ያመኑ መኖራቸው እምብዛም አይደንቅም። የሚደንቀው እውነት ነው ብሎ አምኖ ለመመልከት መፈለጉ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ መሆኑንም አንርሳ።

ያን ሰሞን ደራሲዋ ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ አጭር መልስ ሰጥታለች። የጥንት ጭካኔ ያለበትን ሥርዓት አምጥታ በራሷ ዘመንና በራሷ መንደር ያስቀመጠችው፣ አንባቢው በገዛ ኑሮው ውስጥ ያለውን ከንቱ ጭካኔ እንዲያይ እንደሆነ ገለጸች። የደቡብ አፍሪካ ኅብረት መንግሥት ታሪኩን አገደው። ሸርሊ ግን በዚህ እንደ መኩራት አለች ይባላል፤ ምክንያቱም እነሱ ቢያንስ ታሪኩ ገብቷቸዋል ብላ ስላሰበች ነው።

እኛም ጥቂት ሠልጣኞች ሆነን ይህን ታሪክ አንድ ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ ጓደኛችን ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰልን ሰምተነዋል። ሲያልቅ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ፣ እንዴ ይኸ የት አገር ነው የተደረገው አለ። ሌላው፣ ጸሐፊዋ ምን ነካት፣ ልጆችን ለምን ታስገባለች ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው ትርጉሙ የመሥዋዕት ሥርዓት ነው ብሎ ይከራከር ጀመር። አንዱ ደግሞ መብራት እስኪጠፋ ምንም አልተናገረም። ደራሲዋ በ1948 ዓ.ም. የከፈለቻቸው ሦስት ክፍሎች እኛ አልጋ ላይ ተቀምጠው ማየታችን አስገረመን። ዝም ያለውን ጓደኛችንን ግን ከየትኛው ክፍል እንደምንመድበው አላወቅንም። ምናልባት ከሁላችን ይልቅ የገባው እሱ ሊሆን ይችላል።

ቤቱና የመጀመሪያው ፊልም

ሸርሊ ጃክሰን ከዚያ በኋላም ብዙ ጽፋለች። ስለ ልጆቿ የጻፈቻቸው አስቂኝ መጻሕፍት በ1953 እና በ1957 ዓ.ም. ወጥተው ተወደዱ። ያቺው የድንጋዩን ታሪክ የጻፈች እጅ ናት ቢባል ማን ያምናል? በ1959 ዓ.ም. ደግሞ ሂል ሃውስ ስለሚባል ክፉ መንፈስ ያለበት ቤት ረጅም ልቦለድ አሳተመች። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ በሩን የሚደበድበው መንፈስ ይሁን፣ ወይስ የብቸኛዋ ልጅ የኤሌኖር የተጨነቀ ልብ፣ አንባቢው እስከ መጨረሻው እርግጠኛ አይሆንም።

ሮበርት ዋይዝ የተባለው ዲሬክተር ይህንን መጽሐፍ በ1963 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ፊልም ሠራው። በዚያ ፊልም መንፈሱ አንድም ጊዜ አይታይም። ድምፅ ይሰማል፤ በሩ ወደ ውስጥ ይለጠጣል፤ የሰዎቹ ፊት ይታያል። ተመልካች የቀረውን በራሱ ይሞላዋል። በ1999 ዓ.ም. ያው መጽሐፍ እንደገና ፊልም ሲሆን ግን በኮምፒዩተር ዘዴ ሁሉንም ነገር አውጥተው አሳዩት። ብዙ ሐያስያንም አልወደዱትም። ከዚህ የምንረዳው፣ ፊልም ሠሪ ሁሉን ካሳየ የተመልካቹን ድርሻ እንደሚወስድበት ነው። አስተማሪም መልሱን ሁሉ ቀድሞ ከተናገረ ለተማሪው ምን ይቀረዋል?

የመጨረሻ ዓመታት

የሸርሊ ጤና ጥሩ አልነበረም። አስም ያሠቃያት ነበር፤ ሐኪም የሚያዝላት የሚያነቃቃና የሚያረጋጋ መድኃኒትም ጎድቷታል። በ1962 ዓ.ም. ሰው ስለጠላቸው ሁለት እኅትማማቾች የሚተርከውን የመጨረሻ ሙሉ ልቦለዷን ካሳተመች በኋላ ጭንቀቷ በረታ፤ ከቤት መውጣት እንኳን አቃታት። ወደ መንደሩ ሱቅ መሄድ ያስፈራት ነበር። አገር ያስፈራች ሴት ደጇን ፈራች። ሆኖም ሕክምና ተከታትላ ቀስ በቀስ መውጣት፣ መጓዝ፣ በየኮሌጁ ንግግር ማድረግ ጀመረች። አዲስ ልቦለድም ይዛ ነበር። ይሁን እንጂ ኦገስት 8 ቀን 1965 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ጋደም ባለችበት ልቧ ቆሞ ዐረፈች። ዕድሜዋ ገና 48 ዓመት ነበር። ባሏ በ1968 ዓ.ም. ያልተጨረሰውን ልቦለድ፣ ስለ ደብዳቤዎቹ ካደረገችው ንግግር ጋር አሳተመላት።

ክፍል ውስጥ የገባው ፊልምና ክርክሩ

ከሞተች ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም.፣ ላሪ ያስት የተባለ ዲሬክተር ያንን የዕጣ ታሪክ አጭር የትምህርት ፊልም አደረገው። ያሠራው የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ የትምህርት ድርጅት ሲሆን ርዝመቱ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ፊልሙ በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ታየ። መጽሐፉ በሁለት መስመር ያለፈው ድንጋይ እዚህ በዓይን ይታያል፤ የሚወረውረውም እጅ ይታያል።

በሚኔሶታ ግዛት ፎረስት ሌክ በምትባል ከተማ፣ ፊልሙ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ይታይ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አንዳንድ ወላጆች ፊልሙ ጭካኔ ያሳያል፣ የልጆቻችንን ሃይማኖትና የቤተሰብ ክብር ያናጋል ብለው አመለከቱ። የትምህርት ቦርዱ ፊልሙን አስወገደ። ስለ ፊልሙ ማብራሪያ የሚሰጠውን ሌላ አጭር ፊልም ጭምር አነሣው። መጽሐፉ ግን በቤተ መጻሕፍት እንዳለ ቀረ! ያው ታሪክ፣ ያቺው እናት፣ ያው ድንጋይ ነው እኮ። ሲነበብ ይሁን ተባለ፤ ሲታይ ግን አይሁን ተባለ።

ተማሪዎቹ ዝም አላሉም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። ቦርዱ፣ ታሪኩን ማንበብ ስለሚችሉ የተጎዱት ነገር የለም ብሎ ተከራከረ። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1982 ዓ.ም. ለተማሪዎቹ ፈረደ። ቦርዱ ፊልሙን ያስወገደው በውስጡ ያለውን ሐሳብ ስላልወደደ ነው፤ መጽሐፉ መኖሩም ይህን ስሕተት አያስተካክለውም የሚል ነው የፍርዱ ፍሬ ሐሳብ።

የወላጆቹን ፍርሃት በንቀት ማየት የለብንም። ፊልም ከጽሑፍ ይልቅ ይጎዳል ማለታቸው ፍጹም ሐሰት አይደለም። አንባቢ ሲፈራ መጽሐፉን ያጥፋል፤ ራሱም በሚችለው መጠን ነው የሚስለው። ተመልካች ግን ፊልሙ በወሰደው ፍጥነት ይሄዳል፤ የሌላ ሰው ዓይን ነው ያለው። ስለዚህ ለሕፃናት ክፍልና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዓይነት ነገር ይቅረብ የሚል የለም፤ ዕድሜን መመልከት የአስተማሪ ግዴታ ነው። ነገር ግን ለደረሰ ተማሪ ትክክለኛው መድኃኒት ፊልሙን ደብቆ መጽሐፉን መተው አይመስለንም። ከማየቱ በፊት ማንበብ፣ ካዩ በኋላ ደግሞ ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ቦርዱ ማብራሪያውንም አብሮ ማንሣቱ ያሳዘነን ለዚህ ነው። ፍርሃትን የሚያበርደው መነጋገር ሆኖ ሳለ መነጋገሪያውን ወሰዱት።

ለእኛ ለመምህራን

ልጆችን ዝም ለማሰኘት ጭራቅ መጣ፣ ጅብ መጣ ማለትን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ማስፈራራት ልጁን ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያስተምረውም። የሸርሊ ጃክሰን ማስፈራራት ሌላ ነው። እሷ አንባቢው ዝም እንዳይል ነው ያስፈራራችው፤ ሦስት መቶ ሰውም ብዕሩን አንሥቶ ጻፈላት። የተሳደበውም ሰው ቢሆን ማሰብ ጀምሯል።

የአሜሪካ መንደር ነገር ምን አገባን የሚል ቢኖር ወደ ክፍል እንመለስ። አንድ ተማሪ ሲንተባተብ፣ ወይም ልብሱ ተቀዶ ሲመጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ሲስቅበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማን ጀመረው ቢባል ማንም አይደለም። ሁሉም ስለሳቀ ሁሉም ይስቃል። የተማሪው ጥፋት ምንድን ነው? ዕጣው ዛሬ ለእሱ ወጣ፤ ነገ ለሌላው ይወጣል። ለሌላው እስኪወጣ ድረስ ሁሉም ጨዋታ ይመስለዋል። በታሪኩ ውስጥም ያቺ እናት ዕጣው ለእሷ እስኪደርስ ድረስ ስትስቅ ነበር፤ ፍትሕ ተጓደለ ብላ የጮኸችው ከደረሳት በኋላ ነው።

በታሪኩ መጨረሻ አካባቢ በጥድፊያ ሲነበብ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። የዚያች እናት ትንሹ ልጅ ገና ሕፃን ነው፤ ድንጋይ ማንሣት አይችልም። አንድ ሰው ጥቂት ጠጠር በእጁ ያስይዘዋል። ደራሲዋ የሰጠውን ሰው ስም አልጻፈችም። እኛ ስናስበው፣ ተማሪዎቻችን ታሪኩን ሲጨርሱ መጠየቅ ያለባቸው ይኸን ነው፦ ጠጠሩን ለልጁ የሰጠው ማነው? ልጅ በራሱ ጠጠር አያነሣም፤ የሚያስይዘው ትልቅ ሰው አለ። እኛም በቅርቡ በክፍሉ ውስጥ ትልቁ ሰው የምንሆነው እኛው ነን።

አንባብያን ሆይ፣ ታሪኩን አንብባችሁ የተሰማችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ብትሰጡን በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን። ወቀሳም ቢሆን እንቀበላለን።